አኻያና የወባ ትኩሳት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)




የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ የምናገረው ስለ አንድ ዛፍ ብቻ ነው፤ በየወንዛችን ዳር ስለሚበቅለው አኻያ። ለሥራ ስዞር «ቅርፊቱን ቀቅለን ብንጠጣ ወባን ያድናል ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ።

ጥያቄው የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ቄስ ኤድዋርድ ስቶን የአገሩን አኻያ ቅርፊት ሲቀምስ፣ ምሬቱ ያኔ ለወባ ይሰጥ የነበረውን የሲንኮና ቅርፊት አስታወሰው። አኻያም ትኩሳትም የሚበዙት ረግረግ ቦታ ስለሆነ መድኃኒቱ ከበሽታው አጠገብ ይገኛል ብሎ አመነ። ቅርፊቱን በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ላይ ከሦስት ወር በላይ አድርቆ፣ ወቅጦና ነፍቶ 50 ለሚያህሉ ሕሙማን ሰጠ። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1763 ለንደን ለሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። አካሄዱ ስሕተት ነበር፤ ዕድሉ ግን ቀንቶታል።

በ1828 ጀርመናዊው ዮሐን ቡክነር ከቅርፊቱ መራራውን ንጥረ ነገር ለይቶ ሳሊሲን አለው። ሳሊሲን ከተዋጠ በኋላ በሰውነታችን ውስጥ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ ይለወጣል። ትኩሳት የሚያበርደውና ሕመም የሚያስታግሰው ይህ ነው። (ሰብሎቻችንም ይህንኑ አሲድ በሽታ ሲያጠቃቸው ለመከላከያ ይጠቀሙበታል።) በ1897 የባየር ኩባንያው ኬሚስት ፌሊክስ ሆፍማን ከዚሁ አሲድ አስፕሪንን ሠራ።

እንግዲህ መልሱ፦ አኻያ ትኩሳትን ያበርዳል፤ ወባን ግን አያድንም። ከሲንኮና የሚገኘው ኪኒን በደም ውስጥ ያለውን የወባ ተሕዋስ ይገድላል፤ ሳሊሲን አይነካውም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ትኩሳቱ ሲበርድ «ተሻለኝ» ብሎ ወደ ማሳ የሚመለስ ሰው ተሕዋሱ በደሙ ውስጥ እየተራባ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል። በእፍኝ የተቀቀለ ቅርፊት ምን ያህል ሳሊሲን እንዳለው በዓይን አይለይም፤ እንደ ዛፉ ዓይነት፣ ዕድሜና ወቅት ይለያያል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ጨጓራ ላለባቸው ጨርሶ አይሰጥ።

ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በመሆኑ ከአጨዳ ጋር ይጋጫል። ብዙ ሰው ጤና ኬላ የማይሄደው አላውቅ ብሎ ሳይሆን ሰብሉ ስለሚረግፍበት ነው። መሠረታዊ ማኅበራት ለታመመ አባላቸው ደቦ ወጥተው እንዲያጭዱለት፣ የቀበሌ አመራሮችም ይህን ከወዲሁ እንዲያስተባብሩ እጠይቃለሁ።

ዛፉንም ቅርፊቱን ዙሪያውን አትላጡት፤ ይደርቃል፤ የወንዙን ዳር አፈር የያዘው ሥሩ ነው። በተራቆተው በኩል እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ብትተክሉ ይጸድቃል።