የርዕሰ መምህሩ ሸክም፦ የአመራር ክህሎትና የአእምሮ ጤና በወረርሽኝ ወቅት



በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በ2013 ዓ.ም. ከጥቅምት ወር ጀምሮ በየደረጃው ሲከፈቱ፣ ርዕሰ መምህሩ የተመለሰው ወደ ቀድሞ ሥራው አልነበረም። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ተከፋፍለው በፈረቃ ይማሩ ነበር፤ ቧንቧ በሌለበት ግቢ እጅ መታጠብ ግድ ሆኖ ነበር፤ ጭምብል ያላደረገ ልጅ በር ላይ ይቆም ነበር። ስለ ተማሪዎች ጤና ብዙ ተነግሯል፤ ይህን ሁሉ ያስተባብር ስለነበረው ሰው አእምሮ ግን እምብዛም አልተነገረም።

አእምሮን የሚያደክመው የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም። ሥራው በዝቶ የመወሰን ሥልጣንና አጋዥ ሲጠፋ ጭንቀቱ ይከፋል። የአመራር ክህሎት ከአእምሮ ጤና ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። ጠዋት በር ላይ ሙቀት የሚለካ፣ ቀን የፈረቃ ሰሌዳ የሚያወጣ፣ ማታ የወላጆችን ስልክ የሚመልስ ርዕሰ መምህር ትጉህ ይባል ነበር። ትጋቱ አይካድም፤ ነገር ግን ምክትሉና የወላጅ መምህር ኅብረቱ እያሉ ሁሉን ብቻውን መሸከሙ ብርታት ሊባል አይገባም።

ሥራን ማካፈል ከነሥልጣኑ መሆን አለበት። በሩን የተረከበው መምህር ትኩሳት ያለበትን ልጅ ለይቶ ለማቆየትና ወላጅ ለመጥራት ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ሸክሙ ተመልሶ ቢሮ ይገባል።

ግንኙነቱ በተቃራኒውም ይሠራል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ማቀድ ይከብደዋል፣ ትዕግሥቱም ያልቃል። ትናንት ሥራ ያካፍል የነበረ ርዕሰ መምህር ዛሬ ሁሉን ራሱ መቆጣጠር ይጀምራል፤ ባልደረቦቹ ቁጣውን ፈርተው ችግር መንገር ይተዋሉ፤ ችግሩም ሳይሰማ ያድጋል። ይህን የጠባይ ጉድለት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

ክህሎት ሁሉን አይፈታም። የግቢውን ውኃ የሚያስገባው የርዕሰ መምህሩ ብልሃት ሳይሆን የወረዳው አስተዳደር ነው። ሐዘን የደረሰበትንም ሰው ሥልጠና አያጽናናውም። እንቅልፍ ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ለሥራ ፍላጎት ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም።

ወላጆችም ድርሻ አላቸው፤ ስለ ልጃቸው የሚጠይቁትን አስቀድመው ለክፍል ኃላፊው መምህር፣ በሥራ ሰዓት ቢያቀርቡ የርዕሰ መምህሩ ምሽት ለዕረፍት ይተርፋል።