ባትሪ የሌለው ሞተር ሳይክል፦ እስከ የት?

አንደኛ አቅራቢ፦ በትግራይ ጦርነት ዓመታት፣ እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ፣ መቀሌ መንገድ ተዘግቶባት መለዋወጫም ነዳጅም ብርቅ ነበር። ባትሪ ሲታጣ፣ ለመሆኑ ሞተር ሳይክል ያለ ባትሪ ይሠራል?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እንደ ሞተሩ ነው፣ እህቴ። በመርገጫ የሚነሳና ለካንዴላው እሳት የሚሰጥ የራሱ ጥቅል ሽቦ ያለው ይሠራል። እሳቱን ከባትሪ የሚወስደው ወይም ኢንጀክሽን የሆነው ግን ባይሞከር ይሻላል።

አንደኛ፦ ከተነሳማ ባትሪው ምን ያደርግለታል?

ሁለተኛ፦ ብዙ እንጂ! ዳይናሞው የሚያመነጨው እንደ ሞተሩ ፍጥነት ይዋዥቃል። ሬጉሌተሩ ወደ 14 ቮልት ተኩል ገደማ ላይ ይገታዋል፣ የቀረውን ውጣ ውረድ የሚያለሰልሰው ባትሪው ነው። እሱ ከሌለ በሚኒሞ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ደግሞ አምፖል ሊቃጠል ይችላል።

አንደኛ፦ በባትሪው ቦታ ካፓሲተር የሚያስሩ አሉ እኮ። ባትሪ ደግሞ ውድ ነው።

ሁለተኛ፦ እውነት ነው፣ ካፓሲተር ይረዳል። 25 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚችል ይሁን፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩም አይገላበጥ። ግን የሚይዘው ለቅጽበት ብቻ ነው። ሞተሩ ቀጥ ሲል መብራቱም፣ ፍሬቻውም፣ ክላክሱም አብረው ይጠፋሉ።

አንደኛ፦ ቁልቁለት ላይ፣ በጨለማ?

ሁለተኛ፦ ከኋላ የሚመጣው መኪና አያይሽም። ስለዚህ ያለ ባትሪ መንዳት የችግር ቀን መላ ነው፣ ቁጠባ አይደለም።

አንደኛ፦ ችግሩ ለጠናበት ግን ይፈቀድለት።

ሁለተኛ፦ በቀን፣ በአጭር መንገድ፣ እስማማለሁ። ማታ ግን ሕይወት ከባትሪ ዋጋ ይበልጣል።