የጆሮ ቆዳ ካንሰርና ቁንጭር፦ ምርመራ፣ ሕክምናና መዝገብ



እንደሚታወቀው ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በአቅራቢያዋ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ የደጋው ብርድ ሰውን ያዘናጋዋል እንጂ ከጨረሩ አያድነውም። ጥቁር ቆዳ ለዚህ ጨረር የተፈጥሮ ጋሻ አለው። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ግን ይህን ጋሻ ስላላገኘ ፊቱ፣ ከንፈሩና ጆሮው ገና በወጣትነቱ በካንሰር ሊጠቃ ይችላል።

ይሁን እንጂ ከፋርጣ ወይም ከላይ ጋይንት ጆሮው የቆሰለ ገበሬ ሲመጣ አስቀድሞ የሚታሰበው ቁንጭር ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ የተባለው ተውሳክ በአሸዋ ዝንብ አማካይነት ከሽኮኮ ወደ ሰው እየተላለፈ በደጋና በወይና ደጋ አገር ፊትን፣ አፍንጫንና ጆሮን ያቆስላል። የሥጋ ደዌም ቢሆን የጆሮን ታችኛ ክፍል ያሳብጣል። ስሕተቱ የሚመጣው የመጀመሪያው ግምት የምርመራው ፍጻሜ ሲሆን ነው። ካንሰሩ ቁንጭር ተብሎ ለወራት ሲታከም ሥር ይሰዳል፤ ቁንጭሩም ካንሰር ቢባል ጆሮ ያለ አግባብ ይቆረጣል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ተወስዶ በጊምዛ ቀለም ይመረመራል። ተውሳክ ካልታየ፣ ወይም ታይቶም በተገቢው መድኃኒት ካልዳነ፣ ባዮፕሲ ሊወሰድ ይገባል። ጠርዙ የጠጠረ፣ በቀላሉ የሚደማና እያደር የሚሰፋ ቁስል፣ በተለይም አልቢኒዝም ባለበት ሰው ላይ ሲታይ፣ ባዮፕሲው ከመጀመሪያው ቀን አይዘገይም።

ቤዛል ሴል ካርሲኖማ ቀስ ብሎ የሚያድግና ወደ ሌላ አካል እምብዛም የማይዛመት ነው። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ግን የጆሮ ቆዳ ስስና ከለስላሳው አጥንት ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ፈጥኖ ወደ ውስጥ ሊዘልቅና ወደ አንገት ዕጢዎች ሊደርስ ይችላል። በመሆኑም ከጆሮ ፊትና ከአንገት ያሉት ዕጢዎች በእጅ ሳይዳሰሱ ቀዶ ሕክምና አይጀመርም። ለአነስተኛ ዕጢ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ጤናማ ጠርዝ አብሮ ይቆረጣል፤ አስጊ ለሆነው ደግሞ ከዚያ ይሰፋል። ጆሮውን በሰፊው መልሶ የመሥራቱ ሥራ ጠርዙ ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

መዝገብ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። የትኛው ጆሮ፣ በየትኛው ክፍሉ፣ ቁመቱና ወርዱ በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ በሥዕል ታግዞ ይጻፋል፤ በሽተኛው ከፈቀደም ፎቶግራፍ ይነሣል። የተቆረጠው ሥጋ አቅጣጫው በክር ተለይቶ፣ መጠኑን 10 እጥፍ በሚያህል ፎርማሊን ይላካል። ከሁሉም በላይ የበሽተኛው ቀበሌና የቅርብ ዘመድ ስልክ ሊመዘገብ ይገባል። ውጤቱ ሲደርስ ሰውየው ወደ እርሻው ተመልሶ ከሆነ፣ ያለ አድራሻ የተጻፈ ትክክለኛ ምርመራ ለእርሱ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

በመጨረሻም አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖች የሚሰጠው ምክር ግልጽ መሆን አለበት። ከፊት ብቻ ጥላ ያለው ቆብ ጆሮን አይከልልም፤ ዙሪያውን ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ግን ይከልላል።