ሽምብራ፣ ሳንቲምና አክሲዮን፦ የዋጋ ንረትንና ውድቀትን በክፍል ውስጥ ስለማስተማር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ይህን ንግግር እንዳቀርብ ስጋበዝ ስለ ካፒታል ገበያ ትምህርት በጠቅላላው እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ጉዳዩ ሰፊ ነው። እኔ ከልምዴ በመነሣት ልናገር የምችለው ግን ከዚያ እጅግ ስላነሰ ነገር ነው፦ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በአንድ የማታ ክፍል ውስጥ፣ በሽምብራ ስለምናካሂደው የአክሲዮን ገበያ።

ተማሪዎቼ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውሉ ናቸው። ከፊሎቹ በብረታ ብረትና በምግብ ፋብሪካዎች፣ ከፊሎቹ በጭነት መኪና ስምሪት፣ ከፊሎቹም በቃሊቲ ጉምሩክ ዙሪያ ባሉ የትራንዚት ቢሮዎች ይሠራሉ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ክፍል ሲገቡ ድካሙ ፊታቸው ላይ ይነበባል። እንዲህ ላለ ተማሪ ስለ 1929ኙ የኒውዮርክ ገበያ ውድቀት ብቻ ማውራት እንደማይበቃ የተረዳሁት ቀስ ብዬ ነው። የዳው ጆንስ አመልካች በመስከረም 1929 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከነበረበት 381 ነጥብ ተነሥቶ በሐምሌ 1932 ወደ 41 መውረዱን በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ እነርሱም ይገለብጣሉ፤ በፈተናም ይመልሱታል። አንድ ማታ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ እኛ ገበያው ገና ሳይጀመርልን ስለ ውድቀቱ ለምን እንማራለን?» አለኝ። በወቅቱ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄው መሠረት አለው። በአገራችን በ1950ዎቹ መጨረሻ በብሔራዊ ባንክ አማካይነት የአክሲዮን ግብይት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ፋብሪካዎች ሲወረሱ ግን የሚገበያይ ነገርም አልቀረም። እዚሁ አቃቂ የነበረው የኢንዶ-ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ሳይቀር አክሲዮን ማኅበር ነበር። ከዚያ በኋላ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ደግሞ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፈተ። በመካከሉ ሃምሳ ዓመት አለ። አያት አክሲዮን ገዝቶ ቢሆን እንኳ፣ ዋጋው በየዕለቱ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ምን እንደሚመስል ለልጅ ልጁ የሚነግረው አልተገኘም ማለት ነው።

ሆኖም ተማሪዎቼ ንረትን አያውቁም ማለት አይደለም። ፌሮና ሲሚንቶ ዛሬ ካልተገዛ ነገ ይወደዳል ተብሎ ሲሻሙበት አይተዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲቀየር፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ አብረውን ነበሩ። የሚያውቁት ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። «የወጣ ዋጋ አይወርድም» የሚለው አስተሳሰብ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አእምሯቸው ውስጥ ተቀምጧል፤ ከኑሯቸው አንጻር ሲታይም ስሕተት ነው ለማለት ይከብዳል። የአክሲዮን ገበያ ግን ይህን ሕግ አያከብርም። የሽምብራው ገበያ የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። ኤድዋርድ ቼምበርሊን በሃርቫርድ ተማሪዎቹን ገዥና ሻጭ አድርጎ በክፍል ውስጥ ያገበያይ ነበር፤ ውጤቱንም በ1948 አሳተመ። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ቨርነን ስሚዝ ዘዴውን አሻሽሎ የሙከራ ኢኮኖሚክስ የሚባለውን ዘርፍ መሠረተ፤ በ2002ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት። ስሚዝና ሁለት ባልደረቦቹ በ1988 ያሳተሙት ጥናት ለዛሬው ርእሳችን ዋነኛው ነው። በዚያ ሙከራ አንድ አክሲዮን ለ15 ዙሮች ብቻ ይኖራል፤ በየዙሩ በአማካይ 24 ሳንቲም የትርፍ ድርሻ ይከፍላል፤ ስለዚህ መሠረታዊ ዋጋው ሲጀመር 3 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው፤ በየዙሩም ይቀንሳል። ይህ ከተሳታፊዎቹ አልተደበቀም። ሆኖም ዋጋው ሲሆን ሲሆን ከመሠረታዊው በታች ይጀምርና ወደ ላይ ተስፈንጥሮ መጨረሻው ሲቃረብ ይደረመሳል። የተደበቀ መረጃ፣ የሚያታልል ደላላ፣ የሚያጋንን ጋዜጣ በሌለበት ክፍል ውስጥ አረፋ ተፈጠረ።

እኔ ይህን ለክፍላችን አቀለልኩት። ሃያ አራት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ካርድና 60 ፍሬ ሽምብራ ይይዛሉ። ካርዱ አክሲዮን፣ ሽምብራው ገንዘብ ነው። ገበያው አሥር ዙር አለው። በየዙሩ መጨረሻ የአንድ ብር ሳንቲም ይወረወራል፤ አንበሳው ከወጣ እያንዳንዱ ካርድ 4 ሽምብራ ያስገኛል፤ ሚዛኑ ከወጣ ምንም አያስገኝም። አማካዩ 2 ሽምብራ ነው። እንግዲህ ካርዱ ሲጀመር 20 ሽምብራ ያወጣል፤ በስድስተኛው ዙር 10 ያወጣል፤ ከአሥረኛው ዙር በኋላ ተራ ወረቀት ነው። ሠንጠረዡን በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌ እተወዋለሁ።

ግብይቱ በጩኸት ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገዥና ሻጭ ፊት ለፊት ቆመው ይጣሩ፣ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ እንደነበር ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋል። እኛም እንደዚያው አደረግን። የጥበቃ ሠራተኛው ጠብ የተነሣ መስሎት በሩን የከፈተበት ማታ አለ።

በመጀመሪያው ሙከራ ካርዱ በ12 ሽምብራ መሸጥ ጀመረ። በሦስተኛው ዙር 22 ደረሰ። በስድስተኛው ዙር 34 ሆነ። ልብ በሉ፤ በስድስተኛው ዙር አምስት ውርወራ ብቻ ቀርቷል። አንበሳው አምስቱንም ጊዜ ቢወጣ እንኳ ካርዱ ከ20 ሽምብራ በላይ ሊያስገኝ አይችልም። የ34ቱ ዋጋ በየትኛውም ዕድል ሊመለስ የማይችል ነበር። ሠንጠረዡ ደግሞ ከገዥው ራስ በላይ ተሰቅሏል። በዘጠነኛው ዙር «በ15!»፣ «በ8!»፣ «በ3!» የሚል ጥሪ ተሰማ፤ የሚገዛ ግን አልነበረም።

በ34 የገዛው ተማሪ ብረት ማቅለጫ ውስጥ የሚሠራ ጎልማሳ ነበር። «ሠንጠረዡን አላየኸውም?» ብዬ ጠየቅሁት። «አይቼዋለሁ፤ አሥር እንደሆነም ዐውቃለሁ። ግን ሌሎቹ ማየታቸውን አላወቅሁም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፉት ብዙ ገጾች ይህ መልስ ይበልጥብኛል። ሰው የሚገዛው ራሱ ስቶ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ የባሰ የሚሳሳት ይመጣል ብሎም ነው። ታሪኩ ግን በዚህ አያልቅም። በ2001 የታተመ ሌላ ሙከራ ተሳታፊዎች የገዙትን መልሰው እንዳይሸጡ ከልክሎ ሲፈትሽ አረፋው አሁንም ታየ። ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ቀላል ነው፦ ሰው ለመገበያየት ተጠርቶ መጥቶ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ሌላ ሥራ ሲሰጡት ግብይቱ ቀነሰ። ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ክፍል ውስጥ የተቀመጠን ሰው የሚያውቅ መምህር በዚህ አይደነቅም።

ያንኑ ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ ሳገበያየው ንረቱ አነሰ፤ በሦስተኛው ዋጋው ሠንጠረዡን ተከትሎ በጸጥታ ወረደ። ስሚዝና ባልደረቦቹም ያገኙት ይህንኑ ነው። ከዚያ ሽምብራውን በእጥፍ ጨምሬ ከሌላ ክፍል አዳዲስ ተማሪዎችን ቀላቀልሁ፤ አረፋው ተመለሰ። በገበያው ውስጥ ያለው ገንዘብ ሲበዛ አረፋው እንደሚተልቅ የውጭዎቹ ሙከራዎችም አሳይተዋል።

እስከዚህ ድረስ የተሳካ ትምህርት ይመስላል፤ እኔም ለሁለት ዓመት ያህል እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ ሦስቱንም ካርዶቿን በአምስተኛውና በስድስተኛው ዙር ሸጣ ያሸነፈችው ተማሪ በአንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ትሠራ ነበር። አጨበጨብንላት፤ በክፍሉ ፊት አመሰገንኋት። በዓመቱ በኮሪደር ላይ አገኘኋት። የዕቁብ ዕጣዋን ሙሉውን በምሥረታ ላይ ለነበረ አንድ ኩባንያ አክሲዮን አውላዋለች፤ ኩባንያው አልቆመም፤ ገንዘቧም አልተመለሰም። ስትገዛ ዋጋው የተጋነነ መሆኑን ጠርጥራ ነበር፤ «ግን ከፍ ሲል ሸጬ እወጣለሁ ብዬ ነው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «መምህር፣ እርስዎ ጋ በር ነበረው» አለችኝ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የሽምብራው ገበያ ያለማቋረጥ ክፍት ነበር፤ ሃያ ሦስት ገዥዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ። እኛ አገር አክሲዮን ለአሠርት ዓመታት የተሸጠው እንዲህ አይደለም። የገዛ ሰው መልሶ ለመሸጥ ሲፈልግ ገዥውን በዘመድና በወዳጅ በኩል ራሱ ማፈላለግ ነበረበት። የተደራጀው ገበያ ከተከፈተ ወዲህም የተመዘገቡት ኩባንያዎች በመጀመሪያ ጥቂት ነበሩ። የእኔ ጨዋታ ከኒውዮርክ የተወሰደ ስለነበር ስለ ንረት እውነቱን ሲናገር ስለ መውጫው ዋሽቷል። ከዚህም የከፋው፣ አሸናፊዋን ያስተማርኋት «ብልህ ሰው በጊዜ ይወጣል» የሚለውን ነው። የከሰረው ጎልማሳ መጠንቀቅን ተማረ፤ ያሸነፈችው ግን መድፈርን።

ተቃራኒው ስጋት እንዳለም አልዘነጋሁም። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሽያጭ ካቀረባቸው 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች፣ እያንዳንዳቸው በ300 ብር፣ የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ የገዙትም 47,377 ሰዎች ነበሩ። ይህ የአረፋ ምልክት አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሕዝቡ ገና አልገባበትም፤ አንተ ደግሞ ታስፈራራዋለህ» ይለኛል። ለእርሱ የማነሣለት የጎረቤታችንን ታሪክ ነው። ሳፋሪኮም በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አክሲዮኑን በ5 ሽልንግ ሲሸጥ ከ800 ሺህ በላይ ኬንያውያን ተሻሙበት፤ ከባንክ ተበድረው የገዙም ነበሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው ከ5 ሽልንግ በታች ወረደ። ኩባንያው ጤነኛ ነበር፤ ዓመታትን የታገሡት አትርፈዋል። የተጎዳው የብድር ወለድ የሚቆጥርበት ሰው ነው። ይህን ማስተማር ማስፈራራት አይመስለኝም።

ስለ ማርክም አንድ ነገር ልናገር። በመጀመሪያ ሽምብራውን ከአምስት ማርክ ጋር አያይዤው ነበር፤ የሙከራ ኢኮኖሚስቶች እውነተኛ ክፍያ ከሌለ ውጤቱ አይታመንም ይላሉ። በ34 የገዛው ጎልማሳ አምስቱንም አጣ። ያንን ማርክ በኋላ መለስሁለት፤ ግን ተማሪን እንዲሳሳት በተዘጋጀ ጨዋታ ውስጥ አስገብቶ ስለ ስሕተቱ መቅጣት ትክክል እንዳልነበረ ለመረዳት አንድ ሴሚስተር ፈጅቶብኛል። አሁን ማርክ የለውም። ጩኸቱ ትንሽ ቀንሷል፤ ይቀንስ።

ዛሬ ጨዋታው ተለውጧል። ገበያው የሚከፈተው በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በዘጠነኛው ዙር ብቻ ነው፤ ገዥ የሚሆኑትም በዕጣ የሚወጡ ስድስት ተማሪዎች ናቸው። ሊሸጥ ፈልጎ ገዥ ያጣ ሰው ካርዱን ታቅፎ ይቀመጣል። ሌላም ግዴታ ጨምሬበታለሁ፦ በትርፍ የሸጠ ተማሪ በማግሥቱ አንድ ገጽ ጽፎ ያመጣል። የሚመልሰው ጥያቄ «ካርዱን ማን ገዛህ? በመጨረሻስ እርሱ ምን ቀረው?» የሚል ነው። የገዥውን ስም ዐውቆ፣ አብሮት ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። ከሁሉም የቤት ሥራዎች ዘግይቶ የሚገባልኝ ይህ ነው።

ያቺ ተማሪ ባለፈው ሴሚስተር ክፍላችን መጥታ ስለ ገጠማት ነገር እንድትናገር ጠየቅኋት። ፈቀደች፤ አንድ ነገር ግን አስቀደመች። «መጀመሪያ ላጫውታቸው» አለችኝ። ሽምብራውን ያደለችው እርሷ ነበረች። ስድስተኛው ዙር ላይ አንድ ወጣት ካርዱን ወደ ላይ አንሥቶ ገዥ ሲጣራ፣ ጠጋ ብላ «ካልተገኘስ?» አለችው። ልጁ ዝም ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ።