ጧፍና ሻማ በቤት ሲሠራ ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



ንብ የሚያነብ ገበሬ ማሩን ሲያስብ ሰሙን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። በባህላዊ ቀፎ ከሚመረት 100 ኪሎ ማር ከ8 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ ሰም ይገኛል። ይሁን እንጂ ሰፈፉ ወይ ይጣላል፣ ወይ ከማሩ ጋር ተደባልቆ ለጠጅ ጣይ ይሸጣል። ይኸው ሰም ተጣርቶ ጧፍና ሻማ ቢሆን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት፣ ለገበያና ለቤት መብራት ይውላል፤ ለሴቶችና መሬት ለሌላቸው ወጣቶችም ተጨማሪ ገቢ ያስገኛል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ጥንቃቄ ከጎደለው ግን ሰሙን ያበላሻል፣ ገበያን ያሳጣል፣ ሲብስም ቤት ያቃጥላል። በተደጋጋሚ የሚታዩት ችግሮችና መከላከያቸው ከዚህ በታች ቀርቧል።

አንደኛ፣ የእሳት አደጋ። ንጹሕ የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ይህ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በጣም ያነሰ ስለሆነ የሚንቀለቀል እሳት አያስፈልግም። ሰሙን ብቻውን በድስት አድርጎ ምድጃ ላይ መጣድ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ መልካም ሽታውን ያጠፋዋል፤ ከልክ በላይ ሲግልም በእሳት ይያያዛል። ትክክለኛው ዘዴ በትልቅ ድስት ውሃ ጥዶ፣ ሰሙን በትንሽ ዕቃ አድርጎ ውሃው ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ውሃው እንዳያልቅ መከታተል፣ ሰሙ ከእሳት እስኪወርድም ከአጠገቡ አለመለየት ያስፈልጋል። ሰም ቢቀጣጠል ውሃ ፈጽሞ አይደፋበትም፤ ውሃው በቅጽበት ተንኖ የሚነደውን ሰም በሰውና በቤት ላይ ይረጨዋል። እሳቱን የሚያጠፋው ዕቃውን በክዳን ማፈን ወይም ደረቅ አሸዋ ማልበስ ነው። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ሰም ማቅለጥ አይገባም፤ ሕፃናትም ሊጠጉ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የማጣራት ጉድለት። ሰፈፍ የማር ቅሪት፣ የሞተ ንብና ልዩ ልዩ ቆሻሻ ይዞ ይገኛል። በመጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። ቀጥሎ በብዙ ውሃ ውስጥ ሆኖ በዝግተኛ እሳት ይቀልጥና በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፤ ከሥሩ የተጣበቀው ቆሻሻ በቢላ ይፋቃል። አንድ ጊዜ ካልጠራ ይደገማል። የብረትና የመዳብ ዕቃ የሰሙን ቀለም ስለሚለውጥ የአሉሚኒየም ድስት ይመረጣል። ሻማ ሲበራ የሚንጣጣው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ወይም ማር ስለቀረበት ነው።

ሦስተኛ፣ የክር ምርጫ። ክሩ የጥጥ ፈትል መሆን አለበት፤ ናይሎን ራሱ ስለሚቀልጥ ሰሙን ወደ ነበልባሉ ሊስብ አይችልም። ክሩ ከቀጠነ ነበልባሉ በቀለጠው ሰም ተውጦ ይጠፋል። ከወፈረ ደግሞ ይጨሳል፣ ሰሙም ሳይነድ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ደረቅ ክር በቀለጠ ሰም ውስጥ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ተነክሮ፣ ተወጥሮ ይደርቃል። መቶ ሻማ ከመሥራት በፊት አንድ ሠርቶ፣ አብርቶ ማየት ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

አራተኛ፣ የማቀዝቀዝ ችግር። በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ሰም ቶሎ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፤ ነፋስ በሌለበት ቦታ ቀስ ብሎ ይርጋ። ሰም ሲረጋ ስለሚኮማተር በክሩ ዙሪያ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ጥቂት ሰም ጨምሮ መሙላት ይገባል። ክሩን ደጋግሞ በመንከር ለሚሠራ ደግሞ ሰሙ ከልክ በላይ ከጋለ ቀድሞ የተለበጠውን ያቀልጠዋል፤ ከቀዘቀዘም ይጓጉላል። ቆይቶ በሻማው ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝ የንብ ሰም ጠባይ እንጂ ብልሽት ስላልሆነ በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል።

አምስተኛውና ዋናው፣ ቅይጥ ነው። ሚዛን ለማብዛት ሞራ ወይም ፓራፊን የሚቀላቅሉ አሉ። ንጹሕ ሰም የማር ሽታ አለው፤ ቀዝቅዞ ሲሰበርም ስብራቱ ሻካራ ነው። ሞራ የበዛበት ግን እጅ ላይ ቅባት ይተዋል፣ ሲነድም ይከረፋል። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚገዛ ምእመን ገንዘቡን የሚሰጠው ንጹሕ ሰም ነው ብሎ አምኖ ነው። ገዢው የሠራውን ሰው ስም አይጠይቅም፤ ከየትኛው ማኅበር እንደመጣ ብቻ ያውቃል። ስለዚህ የአንድ አባል ቅይጥ የሁሉንም ገበያ ይዘጋል።

ከዚህ በመነሳት ማኅበራት ሰም ሲረከቡ በየፈርጁ መርምረው ቢረከቡ፣ ማጣሪያና ድስት በጋራ ቢገዙ፣ የወረዳው ባለሙያዎችም በየቀበሌው የተግባር ሥልጠና ቢሰጡ ችግሮቹ ይቃለላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በየቤቱ የሚባክነው ጥቂት ሰፈፍ በጋራ ሲሰበሰብ፣ በጥንቃቄ ሲጣራና በታማኝነት ሲሸጥ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ይሆናል።