ክራር ሠሪ ጊታር ሲሠራ፤ ስለ ውስጥ ማገር
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ)



አምባሰል ሲባል ብዙ ሰው ቅኝቱን ያስባል እንጂ አገሩን አያስብም። ከሐይቅና ከአምባሰል የመጣነው እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ ዕቃው ነው። የአገራችን ክራር ሠሪዎች ጊታርም ይሥሩ የሚለውን አሳብ እንደግፋለን፤ ሆኖም ክራር የለመደ እጅ የሚሰናከልበት አንድ ስፍራ አለ።

የክራር አውታሮች ከላይ በቀንበሩ፣ ከታች በገበቴው ግርጌ ይታሰራሉ። ብርኩማው ቆዳውን ይጫነዋል እንጂ አይጎትተውም። ቆዳውም ተወጥሮ የደረቀ ስለሆነ ማገር አይሻም። በጊታር ግን ብርኩማው 3 ሚሊሜትር ያህል በሆነ ስስ ሳንቃ ላይ በሙጫ ይጣበቃል፤ 6 የብረት አውታሮች ሲቃኙ ወደ 70 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይስቡታል። ከጊዜ በኋላ ሳንቃው ከብርኩማው በስተኋላ ያብጣል፣ በስተፊት ይሰረጉዳል።

ስለዚህ በሳንቃው ውስጠኛ ገጽ መጀመሪያ የመካከሉ መስመር ይሠመር፤ የብርኩማውም ስፍራ ምልክት ይደረግበት። ቀጥሎ ሁለት ማገሮች በድምፅ ቀዳዳውና በብርኩማው መካከል ይጠላለፉ፤ እግሮቻቸው በብርኩማው ጫፎች ሥር ይለፉ። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካው በማርቲን ቤት የታወቀ አሠራር ነው።

አውታሩ ናይለን ሲሆን ግን ይህን ያህል ብርታት አያስፈልግም። የስፔኑ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ19ኛው መቶ ዓመት እንዳደረገው 7 ቀጫጭን ማገሮች እንደ ማራገቢያ ቢዘረጉ ይበቃል። ለመጀመሪያው ሙከራ እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው፤ መሳቡ ቀላል ስለሆነ ሳንቃውን ቶሎ አይጎዳም። ማገሩም ጫፍ ጫፉ በመላጊያ ይሳሳ፤ ሠሪው በየጊዜው ሳንቃውን በጣቱ እያንኳኳ ያድምጠው።