ዘግይቼ ስለ ተማርሁት የድምፅ ኅብር የተነገረ ቃል



በዚህ በኢዮቤልዩአችን ቀን እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ ከማስተምረው ይልቅ በቅርቡ የተማርሁትን ልነግራችሁ ወደድሁ።

ከአጥቢያችን ልጆች አንዱ በቤቱ ኦርጋን ሲመታ ሰምቼ፥ «ድምፅን በድምፅ ላይ መከመር ጩኸት እንጂ ዜማ አይደለም» ብዬ በሰው ፊት ገሠጽሁት። እርሱም አፍሮ ወደ ደጀ ሰላሙ መምጣት ተወ። ሳላውቅ መፍረዴን ሕሊናዬ ቢወቅሰኝ፥ ከቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁትና «እስቲ አስተምረኝ» አልሁት። «የኔታ፥ እኔ እርስዎን?» ብሎ ደነገጠ፤ ኋላ ግን አስተማረኝ።

ትምህርቱም እንዲህ ነው። ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ፥ ሲ ከሚባሉት ከሰባቱ ድምፆች አንድ አንድ እየዘለሉ ዶን፥ ሚን፥ ሶልን ባንድነት ቢመቱ ኮርድ ይባላል። ከዶ እስከ ሚ 4 ግማሽ ድምፅ፥ ከሚ እስከ ሶል 3 ግማሽ ድምፅ ነው። ሚን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢያደርጉት፥ ደስ ያሰኝ የነበረው ትካዜን ያመጣል። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት በጉባኤ ቃና እንደሚጀምር፥ የዚህም ጀማሪ በሦስት ኮርዶች ይጀምራል፤ እነርሱም ዶ ሚ ሶል፥ ፋ ላ ዶ፥ ሶል ሲ ሬ ናቸው።

ጣቶቼ እንደ ደረቀ እንጨት ሆነው አስቸገሩኝ። ከፊተኛው ኮርድ ወደ ሦስተኛው ለመሻገር እጄን ሁሉ አንሥቼ ስዘል፥ ልጁ «የኔታ፥ ሁሉንም አያንሡ፤ ሶል በሁለቱም አለና ባለበት ይቆይ፤ ሚ ወደ ሬ፥ ዶ ወደ ሲ ብቻ ይውረዱ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። ሶል በፊተኛው ኮርድ ተከታይ ነበረ፤ በኋለኛው ግን ኮርዱ በስሙ የሚጠራበት መሠረት ሆነ። እርሱ ሳይለወጥ ባልንጀሮቹ ቢለወጡ ትርጓሜው ተለወጠ። ይህስ የኛን ኅብር ቅኔ አይመስልምን? በዚያም አንዱ ቃል ሁለት ምስጢር ይሸከማልና።

ይህን ስል በዜማችን ላይ ኮርድ ይጨመር ማለቴ አይደለም። ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ መቶ ሰው ቢያዜማቸው እንኳ ሁሉ አንዱን ዜማ ይከተላል፤ ውበታቸውም በዚሁ ነው። ኮርድ የሌላ ቤት ጥበብ ነው፤ ነገር ግን የሌላውን ቤት ሥርዓት ሳይማሩ መንቀፍ አላዋቂነት ነው።

ያ ልጅ ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል። በሰው ፊት ገሥጬው ነበርና፥ በሰው ፊት መምህሬ ብዬ አመሰግነዋለሁ።